ዳዊቱ የማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአባቴ ሙት ዓመት አገር ቤት ገብቼ ነበር። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ እኅትና ወንድም ተሰብስበን የቀረውን ንብረት ስንከፋፈል፣ ቤቱም መሬቱም ይቅርብኝ ብዬ የጠየቅሁት አባቴ ጧት ጧት ይደግሙት የነበረውን የብራና ዳዊት ብቻ ነበር። ማኅደሩ በጭስ ጠቁሯል፤ የቅጠሎቹ ጠርዝ ከጣት ብዛት የተነሣ ለስልሷል፤ በመጨረሻው ቅጠል ላይ የቅድመ አያቴ ስም ተጽፎበታል። ማንም አልተቃወመኝም። ታላቅ እኅቴ ብቻ ዝም አለች።

ቅርስ ነክ ነገር ከአገር ለማውጣት አስቀድሞ ማስመርመር እንደሚያስፈልግ ሰምቼ ስለነበር፣ ከገበያ የገዛኋቸውን መስቀሎችና ዳዊቱን ይዤ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድሁ። መርማሪዋ ልጅ እግር ናት። መስቀሎቹን አገላብጣ አይታ ፈቀደችልኝ። ዳዊቱን ገለጥ ገለጥ አደረገችና ቀስ ብላ ዘጋችው።

«ጋሼ፣ ይኼ አይወጣም» አለችኝ።

«የአባቴ እኮ ነው!»

«የአባትዎ አይደለም ያለ አለ እንዴ? የአባትዎ ነው። ግን አይወጣም።»

ውድ አንባቢያን፣ በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ንዴት አልደብቅም። ስንቱ በሌሊት ሲያልፍ ያላየ ሕግ፣ በቀን ብርሃን ጠይቄ ላውጣ ባልሁት በእኔ ላይ ይበረታል? ንዴቴ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። የጥንት ቅርሶችን የሚመለከት አዋጅ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን አለ። ሆኖም የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ባሕር ተሻግሮ ቤልጅግ ከአንድ ሰብሳቢ እጅ ገብቷል፤ የተመለሰውም እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ሌባው አለፈ፣ ወራሹ ተከለከለ ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ተስማማልኝ። እኛ ስደተኞች መንግሥትን በማማት ላይ ቶሎ እንስማማለን።

ቆየት ብዬ ሳስበው ግን፣ ሌባ ማለፉ ለእኔ ማለፍ ምክንያት እንደማይሆን ገባኝ። የ1992ቱ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በግለሰብም እጅ ሊሆን እንደሚችል አልካደም፤ ባለቤቱን ግን ጠባቂም አድርጎታል። ልጅቷ የነገረችኝ ይህንኑ ነው። የእኔ የሆነ ነገር ሁሉ እንደ ፈቃዴ የማደርገው ነው ወይ? የአባቴ ጫማ የእኔ ነው፤ ልጥለውም እችላለሁ። ዳዊቱን ግን ልጥለው ብል እናንተ ራሳችሁ «ተው!» ትሉኛላችሁ። ለመጣል መብት ከሌለኝ፣ ለመውሰድ ያለኝ መብት ከየት መጣ?

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን የገዛ ክርክሬ ነው። መርማሪዋን እንዲህ ብያት ነበር፦ «እዚህ ጭስና አይጥ ይበላዋል፤ እኔ ቤት ግን ደረቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ይጠበቃል።» ይህን ቃል ከየት ሰማሁት? በመቅደላ የተዘረፈው ይመለስ ሲባል ከለንደን ሲሰጥ የኖረው መልስ አይደለም እንዴ! እ.ኤ.አ. በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ምርኮውን በዝሆንና በበቅሎ አስጭኖ ወሰደ፤ ደላንታ ሜዳ ላይም ለጨረታ አወጣው። ከዚያ የሄዱት 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ዛሬም በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በብሪትሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦቶች የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ እንዳያዩአቸው ተዘግተው ተቀምጠዋል። ማንም የማያየውን ነገር ለማን ነው የሚጠብቁት? ሙዚየሙ ሲጠየቅ እ.ኤ.አ. የ1963 ሕጉን ይጠቅሳል፤ ንብረቱን አሳልፎ እንዲሰጥ ሕጉ እንደማይፈቅድለት ይናገራል። እንግዲህ የእኛ ሕግ እንዳይወጣ ይላል፣ የእነርሱ ሕግ እንዳይመለስ ይላል። እኔ በሰልፍ ላይ «ይመለስ!» እያልሁ ስጮህ ኖሬ፣ ተራዬ ሲደርስ በሌላኛው ሕግ በኩል ቆሜ ተገኘሁ።

ደግሞስ በእኔ ቤት ስንት ዓመት ይጠበቃል? እኔ እስካለሁ ድረስ ነው። ልጆቼ ፊደል አይቆጥሩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከእኔ በኋላ ዳዊቱ ከአሮጌ ወንበርና ከድስት ጋር ግቢ ደጃፍ ላይ ለሽያጭ እንደማይዘረጋ ምን ዋስትና አለኝ?

ሳይወስዱ መጠበቅ እንደሚቻል ያየነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን አንሥቷል። ጥላቸው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ደረሰ፤ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመረምሩትና ሲዘረዝሩት ኖሩ። መጽሐፉ ግን እዚያው አገሩ ነበር።

ይህን ሁሉ ስል መሥሪያ ቤት መዝግቦ ማኅተም ስላደረገ ቅርስ ዳነ ማለቴ አይደለም። መዝገብ አይጥ አያባርርም። ቅርሶቻችንን በግራኝ ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ በዋሻ ደብቀው ያተረፉልን መነኮሳትና ገበዞች እንጂ ጸሐፊዎች አይደሉም። ዛሬም ብዙ ገበዝ መዝጋቢ መጣ ሲባል ጥሩውን መጽሐፍ ይሸሽጋል። የተጻፈ ዝርዝር ለጠባቂ እንደሚጠቅም ሁሉ ለሌባም ይጠቅማል ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱንም አላዋቂነት ነው ብዬ አልንቅበትም። ካሜራ የያዘ ሁሉ በደግ እንዳልመጣ አይቷላ። መንግሥት ይህን ሰው ጠባቂ እንጂ ተጠርጣሪ እስካላደረገው ድረስ ብቻ ነው አዋጁ ሥራ የሚሠራው። መርማሪዋ ዳዊቱን ስትነካው እጅዋን በነጠላዋ ጠርጋ ነበር፤ እኔን ያለዘበኝ ምናልባት ከአንቀጹ ይልቅ ይህ ይሆናል።

ዳዊቱን ለእኅቴ መልሼ ሰጠኋት። ተቀብላ ሳመችውና «አውቄ ነበር» አለች። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንሥቼ ይዤ መጣሁ። ስደውልላት ሁልጊዜ አስመዝግቢው እላታለሁ። እርስዋም ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፦ «ካስመዘገብሁት በኋላ ጧት ጧት ልደግምበት ይፈቅዱልኛል?» በአዋጁ ውስጥ የሚከለክላት ነገር አላየሁም ብያታለሁ። እርስዋ ግን እስካሁን አላስመዘገበችውም።