በእግር የሚደረስበት ኑሮ

ቤት ለመግዛት ወይም ለመከራየት የተነሣ ወገናችን በቅድሚያ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። መኝታ ቤቱ ስንት ነው? ጋራዡ ስንት መኪና ይይዛል? ትምህርት ቤቱ ደህና ነው ወይ? ወርኃዊ ክፍያውስ? ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁንና ከእነዚህ የሚቀድም፣ እኔ እንደማምነውም የሥነ ምግባር ጥያቄ የሆነ አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ከቤተሰቤ መካከል መኪና የማይነዳው ሰው ከዚህ ቤት ወጥቶ የት መድረስ ይችላል?» የሚለው ነው።

ጉዳዩ የምቾት እንጂ የሥነ ምግባር የማይመስለው ይኖራል። እስቲ የልጅ ልጅ ለማሳደግ ከአገር ቤት የመጡትን እናቶች እናስብ። አገራቸው ሳሉ ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ሲመለሱ የታመመ ይጠይቃሉ፤ ጉሊት ጎራ ብለው ሽንኩርት ይገዛሉ። ለዚህ ሁሉ የማንም ፈቃድ አያሻቸውም። በስደቱ ዓለም ግን ሰፊ ሳሎን፣ የሞቀ ቤትና የሞላ ማቀዝቀዣ እያላቸው፣ ልጃቸው ከሥራ እስኪመለስ በመስኮት ሲያዩ ይውላሉ። ወደ ሐኪም ሲቀርቡም ጉልበታቸው እንደ ተያዘ፣ ስኳራቸው እንደ ጨመረ፣ እንቅልፍ እንደ ራቃቸው ይናገራሉ። መድኃኒት እናዝዛለን፤ «በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ» ብለንም እንመክራለን። «ወዴት?» ብለው ቢጠይቁን ግን የማዘዣው ወረቀት መልስ የለውም።

መንቀሳቀስ ልብን እንደሚጠብቅ ሕክምና ካወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ «ላንሴት» በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በሎንዶን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩትን ሰዎች አወዳድረው ነበር። ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ይልቅ በልብ ሕመም የሚጠቁት በጥቂቱ ሆኖ ተገኘ። ትኬት ቆራጮቹን ያንቀሳቀሳቸው ሥራቸው ራሱ እንጂ የስፖርት ፍቅር አልነበረም። በእግር የሚኬድበት ከተማም ነዋሪውን የሚጠቅመው እንዲሁ ነው፤ ዳቦ ፍለጋ የወጣ ሰው ሳያስበው ይራመዳል።

ለእኔ ግን ከጤናው የሚበልጠው ክብሩ ነው። ልጅ ወልደው ያሳደጉ አዛውንት ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ የልጃቸውን የመኪና ቁልፍ ደጅ ሲጠኑ፣ ልጁ የቱንም ያህል ደግና ታዛዥ ቢሆን፣ አንድ ነገር ጎድሎባቸዋል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅም ጓደኛው ቤት ለመድረስ ወላጁን መጠበቅ ሲኖርበት በራሱ መተማመንን የሚማርበት መንገድ ይጠብበታል።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። «በእግሬ ሄጄስ ማንን አገኛለሁ?» የሚል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ ይህ ግን ከጎረቤቱ ጋር መነጋገር ለሚችል ነው። የእግረኛ መንገዱ ያማረ፣ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ዕድርም፣ አማርኛ የሚመልስ ሰውም የሌለበት ትንሽ ከተማ ለእኒያ እናት ሌላ ዓይነት ግዞት ነው። ርቀት በእግር ብቻ ሳይሆን በአንደበትም ይለካል። አርስቶትል «ፖለቲካ» በተባለው ድርሰቱ ሰባተኛ መጽሐፍ የከተማን ስፋት ሲመረምር፣ ዜጎች በትክክል ይፈርዱና ሹመትን በሚገባ ያከፋፍሉ ዘንድ አንዱ የሌላውን ጠባይ ማወቅ እንዳለበት ያስረዳል። እንግዲህ ትንሽነት የሚፈለገው ለመተዋወቅ ከሆነ፣ መተዋወቅ የሌለበት ትንሽነት ዋጋው ምንድን ነው?

ስለዚህ ሁለቱም መለኪያዎች የሚገናኙበትን ሥፍራ መፈለግ ይገባል። ለዚህ በሜሪላንድ ግዛት፣ በዋሽንግተን ዲሲ ወሰን ላይ የምትገኘው ታኮማ ፓርክ ጥሩ ምሳሌ ትመስለኛለች። እ.ኤ.አ. በ1883 በባቡር ሐዲድ ዳር የተቆረቆረች፣ በ2020 ቆጠራ 17,600 ያህል ሕዝብ የነበራት ከተማ ናት። በመሐሏ ሱቆቹ፣ የእሑዱ የገበሬዎች ገበያና ከ1978 ጀምሮ የሚያገለግለው የሜትሮ ጣቢያ በእግር ይደረስባቸዋል። በሜትሮ አንድ ፌርማታ ብቻ አልፎ ደግሞ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትና የሚነግዱባት ሲልቨር ስፕሪንግ አለች። እንከን የላትም ማለቴ አይደለም። የቤት ዋጋዋ ውድ ነው፤ በምሥራቅ በኩል የሚያልፈው ኒው ሃምፕሻየር አቬኑም ለእግረኛ የማይመች ሰፊ የመኪና ጎዳና ነው።

ይሁን እንጂ ትልቁ ትምህርት ያለው በታሪኳ ነው። በ1960ዎቹ ከተማዋን ሰንጥቆ የሚያልፍ አውራ ጎዳና ታቅዶ ነበር። ነዋሪዎቿ ተነሥተው ተከራከሩ፤ ዕቅዱም ቀረ። ከትግሉ መሪዎች አንዱ የነበረው ሳሚ አቦት ከ1980 እስከ 1985 ከንቲባ ሆነ። የኪራይ ጭማሪን የሚገድበው ደንቧም ከ1980ዎቹ መጀመሪያ የመጣ ነው። ከ1992 ወዲህ ደግሞ ዜግነት የሌለው ነዋሪ እንኳ በከተማዋ ምርጫ ድምፅ ይሰጣል።

ይህ እንደሚያሳየን በእግር የሚኬድበት ከተማ በዕድል የሚገኝ ጸጋ ሳይሆን ሰዎች «አይሆንም» ብለው ያቆዩት ሀብት ነው። የተገላቢጦሹም የሰው ሥራ ነው፤ በ1926 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኦሃዮ ውስጥ ዩክሊድ የተባለች መንደር መኖሪያን ከንግድና ከፋብሪካ የለየችበትን ደንብ ካጸደቀ ወዲህ፣ በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ዳቦ ቤት መክፈት በሕግ የተከለከለባቸው አያሌ ሥፍራዎች ተፈጥረዋል።

እንግዲህ አቅሙ ፈቅዶለት እንዲህ ያለ ከተማ የመረጠ ሰው ዕዳም ይዞ ይገባል፤ ሌሎች ተሟግተው ባቆዩት መንገድ የሚራመድ ነውና፣ በምክር ቤቱ ስብሰባ ተገኝቶ ኪራዩ ድሃውን እንዳያስወጣ፣ መንገዱም ለደካማው እንዲመች መሟገት አለበት። መምረጥ ያልቻለው ብዙኃኑ ወገናችንም ባለበት ሰፈር ሊጠይቀው የሚችለው አለ፤ የተቋረጠ የእግረኛ መንገድ እንዲቀጠል፣ አውቶቡስ እንዲያልፍ፣ ጉልበቱ የደከመ ሰው አረፍ የሚልበት አግዳሚ ወንበር እንዲተከል። እነዚህ ጥቃቅን ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንዲት እናት በመስኮት ስታይ ከመዋል ወደ ደጅ የምትወጣው በእነርሱ ነው።