31 ዲግሪ

«ዶሮዋን አስታቅፋት። እናት መቼም እናት ናት።»

አያቴ ይህን ያሉኝ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ዘጠኝ የኤሊ እንቁላል፣ እያንዳንዱ የፒንግ ፖንግ ኳስ የሚያክል፣ አሸዋ በሞላበት ሳህን ይዤ ማድቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ውርጩ ጎመን ያቃጥላል። እንቁላሎቹን ያገኘናቸው ደግሞ እዚያው የጎመኑ መደብ ውስጥ ነው። ባሉበት ቢተዉ እንደማይፈለፈሉ ግልጽ ነበር።

ኤሊዋ የእኛ አገር ሰው አይደለችም። ከሁለት ዓመት በፊት ሹፌሩ አጎቴ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አፋር በሚወርደው መንገድ ላይ አገኛት፤ ጀርባዋ እንደ ነብር የተዥጎረጎረ፣ መንገድ መሃል ቆማ። ከኋላ የሚመጣ መኪና እንዳይጨፈልቃት ብሎ አነሳት። ዳር አድርጓት ቢያልፍ ይበቃ ነበር። ግን «ልጆቹ ይዩዋት» ብሎ ጋቢና ውስጥ አስገባትና በአንኮበር ዳገት፣ በጉሙ መሃል፣ ወደ ብርድ ይዟት መጣ። ድሮም የቆላው አሞሌ ጨው በአልዩ አምባ በኩል ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። ጨው ግን አይበርደውም።

አጎቴን አልወቅሰውም። እኔም ብሆን አነሳት ነበር።

ብቻዋን የኖረች ኤሊ እንዴት ጽንስ ያለው እንቁላል ትጥላለች? ሰፈሩ ሁሉ በዚህ ስቋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሴት ኤሊ አካል የወንዱን ዘር ለዓመታት ማቆየት ይችላል። ቆላ ሳለች የያዘችውን ነው እኛ ግቢ ያወጣችው። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። እኛ እኮ አንዲት እንስሳ ብቻ ያመጣን መስሎን ነበር።

ወደ ዶሮዋ ልመለስ። የዶሮ እንቁላል 37.5 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት፣ 21 ቀን ጊዜና በየሰዓቱ መገላበጥ ይፈልጋል። ዶሮ ይህን ማንም ሳያስተምራት፣ ረሃቧን ችላ ታደርገዋለች። የኤሊ እንቁላል ግን እንደ ዶሮው አስኳሉን መሃል ላይ ወጥሮ የሚይዝ ክር የለውም። ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከላይኛው የቅርፊቱ ክፍል ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ ከተገለበጠ ሊሞት ይችላል። የዶሮዋ ሙቀትም ይበዛበታል። ስለዚህ ያቺ ዶሮ እነዚህን እንቁላሎች የምትገድለው ጥሩ እናት ስለሆነች ነው። ሰነፍ ብትሆን ኖሮ የተሻለ ዕድል ነበራቸው!

ይህ ነገር ብዙ ቀን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ዶሮዋ በራሷ ገላ ሙቀት ልክ ደግ ናት። አጎቴም በጋቢናው ልክ። እኔስ በምን ልክ?

የእንቁላሎቹን አናት በእርሳስ ምልክት አደረግኩ፤ እንዳይገለበጡ። ከዚያ የፎም ሳጥን፣ አምፖል፣ አንድ የሙቀት ሴንሰርና አንድ አርዱይኖ አገናኘሁ። እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ ይህኛው ቀላል ነበር፤ 40 መስመር አይሞላም። ሦስተኛው መስመር ላይ ግን ቆምኩ። የሚፈለገው ሙቀት ስንት ይሁን?

እ.ኤ.አ. በ1966 ዳካር ውስጥ ማድሊን ሻርኒዬ የተባለች ተመራማሪ በአንድ የእንሽላሊት ዝርያ ላይ እንቁላሉ የሚቆይበት ሙቀት የሚወለደውን ፆታ እንደሚወስን አሳየች። በብዙዎቹ የየብስ ኤሊዎችም እንዲሁ ነው። ወደ 29 ዲግሪ ሲወርድ አብዛኞቹ ወንድ፣ ወደ 33 ሲጠጋ አብዛኞቹ ሴት ይሆናሉ፤ መሃሉ 31 አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት በአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ ሰሜናዊ ክፍል ከተወለዱት ወጣት የባሕር ኤሊዎች 99 በመቶ ያህሉ ሴቶች ሆነው እንደተገኙ ይናገራል፤ አሸዋው ሞቋል። እዚያ ቁጥሩን ማንም ቁጭ ብሎ አልጻፈውም። ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ጽፈነዋል።

የሥራ ባልደረባዬ «31 አድርገውና ተገላገል፤ እግዜር ይወስን» አለኝ። ግን 31ንም የምጽፈው እኔ ነኝ። በእኛ ሥራ ዲፎልት የሚባል ነገር አለ፦ ተጠቃሚው ካልነካው በራሱ የሚሠራ ቁጥር። ማንም ያልወሰነው ይመስላል፤ አንድ ቀን ግን አንድ ሰው ቡናውን እየጠጣ ወስኖታል። ቆላ ቢሆን መሬቱ ይወስን ነበር፤ መሬት ደግሞ አይጠየቅም። አለመምረጥ የሚባለው ነገር ኤሊዋ ጋቢና የገባች ቀን አክትሟል።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የጻፍኩት 29 ነበር። ወንድ ከሆኑ እንቁላል የሚጥል አይኖርም፤ ስደቱ በእነሱ ያበቃል። ብልህ ሐሳብ መሰለኝ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ለእነሱ ያሰብኩት አልመሰለኝም። ለራሴ እረፍት ነው ያሰብኩት። ተነስቼ 31 አደረግኩት። ይህኛው ትክክል ነው እያልኩ አይደለም፤ እንቅልፍ የወሰደኝ ከዚያ በኋላ ነው እንጂ።

ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ከምሽቱ አምስት ሰዓት መብራት ጠፋ። ሴንሰሩን በፓወር ባንክ አስነስቼ ቁጥሩ ሲወርድ ማየት ብቻ ሆነ ሥራዬ፤ 29፣ 27፣ 25። እማማ ተነሱ። ምድጃውን አቀጣጥለው ውኃ አፈሉ፤ ትንሽ በረድ አድርገው በባዶ ሃይላንድ እየሞሉ በሳጥኑ ዙሪያ ደረደሩ፤ ከላይ ጋቢያቸውን ደረቡበት። ሲቀዘቅዝ እየቀየሩ እስኪነጋ ቁጭ አሉ። እንቁላሎቹን አልነኩም። «አትንኩ ብለኸናል» አሉኝ። ሲነጋ 29 ላይ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ሳላነሳቸው የስልክ መብራት ከጎን አበራሁባቸው። አምስቱ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ። አራቱ ባዶ ናቸው።

«ስንት ናቸው?»

«አምስት።»

«የት ልናደርጋቸው ነው?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደኝ። ይህ ዓይነት ኤሊ ከ50 ዓመት በላይ ይኖራል። እኔ 28 ዓመቴ ነው። እናትየዋ በብርድ ወራት ማታ ማታ ማድቤት የምታድረው እማማ በጆንያ ሸፍነው ስለሚያስገቧት ነው። አምስት ልጆቿን ማን ያስገባቸዋል? ወርጄ አፋር ሜዳ ላይ ልለቃቸው ብል፣ ከሰው ቤት የወጣ ኤሊ ለዱሮቹ በሽታ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሕጉ ደግሞ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ይከለክላል፤ ስለዚህ እናትየዋም ሆነች የአጎቴ ደግነት ከሕግ ውጭ ናቸው። ጫጩቶቹ ገና ሳይፈለፈሉ ጥፋተኞች ነን። አንዳንዴ አምፖሉን ብነቅለውስ እላለሁ። የደም ሥሮቹን ሳላይ በፊት ይህን ማሰብ ይቀለኝ ነበር።

የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ስልክ ፈልጌ መዝግቤያለሁ። ሰኞ እደውላለሁ። ለእማማ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «እሱ ልጅ እንዳይታሰር ብቻ» አሉ፤ አጎቴን ነው። ቀጥለው ኤሊዋን ለማስገባት ጆንያውን ይዘው ወጡ።

ሳጥኑ አሁን 30.8 ይላል።