ጅቡን ስታናግር

ልጄ፣ የምትሠራቸውን የካርቱን ፊልሞች አየኋቸው። ሉማሜ ላይ ተቀምጦ፣ በአንዲት ሞባይል፣ መብራት እየመጣ እየሄደ ያን መሥራት ቀላል አይደለም። ጎበዝ ነህ። ነገር ግን ሹምን በአውሬ መስሎ መናገር አንተ የጀመርከው ነገር አይደለም። ቀድመውህ የሄዱበት ሰዎች አሉ። የከፈሉትን ሳታውቅ እንድትቀጥል አልፈልግምና ስማኝ።

ዘመኑ የንግሥት ዘውዲቱ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ገና በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩ፣ አውሮፓን ያዩ ሰው ነበሩ። አገራቸው ተመልሰው ሲያዩት፣ ሹመቱ በእጅ መንሻ ነው፤ ፍርዱ በዘመድ ነው። ምን ያድርጉ? ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ወጥቶ መሳደብም ይቻል ነበር። እሳቸው ግን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚል ተውኔት ጻፉ። ላፎንቴን የሚባለው ፈረንሳዊ ገጣሚ ከ1668 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳተማቸውን የእንስሳት ተረቶች መነሻ አድርገው፣ የመኳንንቱን ጠባይ ለአውሬዎች ሰጡ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተውኔት የሚባለው ይኸው ነው። የታየውም አዲስ አበባ፣ ቴራስ በሚባለው ሆቴል፣ መኳንንቱ በተገኙበት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በልና አስብ። ሰውየው ምሳሌን መደበቂያ አላደረጉትም። መደበቅ ቢፈልጉ ኖሮ ነገሩ የሚነካቸውን ሰዎች ፊት ለፊት አያስቀምጡም ነበር። ምሳሌ ሌላ ጥቅም አለው፤ ሰሚው ሳይቆጣ እስከ መጨረሻው እንዲያዳምጥ ፋታ ይሰጣል። አውሬው ሲናገር ሰው ይስቃል፤ ስቆ ሲያበቃ ደግሞ የሳቀው በማን ላይ እንደሆነ ራሱ ይደርስበታል። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ የሚባለው ለዚህ ነው።

የገባቸው ሰዎች ግን ዝም አላሉም። ነገሩ ከንግሥቲቱ ዘንድ ደረሰና ቴአትር ታገደ። ልብ በል፤ የታገደው አንድ ተውኔት ብቻ አይደለም፤ ቴአትር ራሱ ነው። የአንድ ሰው ድፍረት ያስከተለው ቅጣት ገና ላልጻፉትም ተረፈ። የእኛው የደብረ ኤልያሱ ሰው፣ ዮፍታሔ ንጉሤ፣ የጎጃምን ቅኔ ጠግበው አድገው በተውኔት ስማቸው የገነነው ያ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው።

ተክለ ሐዋርያትስ ምን ሆኑ? አኩርፈው አልተቀመጡም። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የአገሪቱን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያም ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ፣ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ። ይህን የምነግርህ ታሪካቸውን ለማሳመር አይደለም። በአውሬ መስለው የነቀፉትን አስተዳደር ቆይተው በሕግ ሊያቃኑት ደከሙ። ከሁሉ ይበልጥ የማከብርላቸው ይህንን ነው። አንተም የቀበሌውን አሠራር ስትነቅፍ፣ ስብሰባው ላይ ተገኝተህ እጅህን አውጣ።

ሌላው የጎጃም ልጅ አቤ ጉበኛ ነው። በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» የሚል መጽሐፍ አወጣ። በእናቱ ማኅፀን ያለ ጽንስ፣ ግፍ ወደ ሞላበት አገር አልወጣም ብሎ ሲሟገት ታስባለህ? አገሩ በምናብ የተፈጠረ ነበር፤ ሳንሱር ግን አልተታለለም። መጽሐፉ ታገደ፤ አቤም ወደ ጎሬ ተጋዘ። የምናብ አገር ጋሻ ይሆነኛል ብለህ እንዳትሞኝ። እንዳትጽፍም ማለቴ አይደለም። የሚመጣውን አውቀህ ግባ፤ እናትህንም አስብ።

አሁን ወደ አንተ ሥራ ልምጣ። በመጀመሪያው ፊልምህ ጅቡ ኮት ለብሶ፣ ማኅተሙን በመዳፉ ይዞ፣ ለመሬቱ ካርታ የመጣውን በግ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ና» ይለዋል። በጉ በተመላለሰ ቁጥር ጠጉሩ እየሳሳ ይሄድና፣ በመጨረሻው ቀን በረንዳው ላይ ብርድ ያንቀጠቅጠዋል። እጅግ ወደድኩት። ማንንም አልሰደብክም፤ ግን ያን በረንዳ የማያውቅ ሰው የለም።

በሁለተኛው ግን ለጅቡ የአንድ አካባቢ ሕዝብ አነጋገር ሰጠኸው። ሳቁ ጨመረ፤ የተቀባበሉትም በዙ። ልጄ፣ ጉቦኛው ያመለጠህ ያን ቀን ነው። በመጀመሪያው ራሱን አይቶ የደነገጠው ሰው በሁለተኛው ከሁሉ በላይ ሳቀ፤ ጅቡ እሱ መሆኑ ቀርቶ የሌላ አገር ሰው ሆነለታ! ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ። የተክለ ሐዋርያት አውሬዎች የተሸከሙት የሰውን ሥራ ነው፤ ዘር አልተሸከሙም። ዛሬ በአገራችን ሕዝብን በአውሬ መመሰል ወዴት እንደሚወስድ እኔ አልነግርህም፤ በዓይንህ አይተኸዋል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እሱም የገንዘቡ ጉዳይ ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ኦርዌል የተባለው እንግሊዛዊ ጌታቸውን አባርረው እርሻውን ስለያዙ እንስሳት አንድ መጽሐፍ አወጣ። መጨረሻው መራራ ነው፤ አብዮቱን የመሩት አሳማዎች ካባረሩት ሰው የማይለዩ ይሆናሉ። ደራሲው ከሞተ በኋላ፣ በ1954 እ.ኤ.አ.፣ ሃላስና ባችለር የተባሉ ባልና ሚስት በለንደን ካርቱን አድርገው ሠሩት። በዚያ ፊልም መጨረሻ ግን እንስሳቱ ተነሥተው አሳማዎቹን ይጥላሉ። ገንዘቡ በስውር ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት ከሲአይኤ የመጣ እንደነበር የተገለጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ኦርዌል ገዥዎችን ሁሉ ነበር የወቀሰው፤ ፊልሙ ግን አንዱ ወገን ሌላውን የሚመታበት በትር ሆነ። ሠዓሊዎቹ ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል። መጨረሻው ግን የእነሱ አልነበረም።

ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የሚታየው «ሳውዝ ፓርክ» የተባለው የአዋቂዎች ካርቱን ደግሞ ሌላ ነው። አፉ ባለጌ ነውና ስድቡን እንድትቀዳ አልመክርህም። ግን በ2019 እ.ኤ.አ. የቻይናን ሳንሱርና ለቻይና ገንዘብ ሲሉ ታሪካቸውን የሚያስተካክሉ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ሲነቅፍ፣ ከቻይና ኢንተርኔት ላይ ተጠራርጎ ጠፋ። ሠሪዎቹ ያን ሁሉ ተመልካች አጡ፤ መጨረሻውን ግን ለማንም አልሸጡም።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው ለሦስተኛው ፊልምህ ገንዘብ ልስጥህ እንዳለህ ሰምቻለሁ። ገንዘብ መቀበል ነውር አይደለም፤ መሣሪያ ያስፈልግሃል፤ የምትበላውም ያስፈልግሃል። ብቻ ከመፈረምህ በፊት ጠይቀው፤ ጅቡ ማን እንደሚሆን የሚወስነው ማን ነው? በጉስ መጨረሻ ላይ ካርታውን ያገኛል ወይስ አያገኝም የሚለው በማን እጅ ነው? መልሱን በጽሑፍ ይስጥህ። ወረቀቱን ይዘህ ና፤ አብረን እናነበዋለን።