ሰሚና አድማጭ

አንዲት እናት በአውሮራ፣ ኮሎራዶ፣ ከሐኪም ፊት ተቀምጠዋል እንበል። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል፤ ልጃቸውን ተከትለው ከአገር ቤት ከመጡ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። አጠገባቸው የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው አለ። ከትምህርት ቤት የቀረው ሊያስተረጉምላቸው ነው። ሐኪሙ ምን እንደሚሰማቸው ይጠይቃል። እሳቸውም «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ይላሉ። ልጁ «ሆድ»ን ያውቃል፤ «ባር ባር»ን ግን አያውቅም። ስለዚህ «ሆዷን ያማታል» ብሎ ያስተረጉማል። ሐኪሙ ስለሚበሉት ምግብ ይጠይቃል፣ ሆዳቸውን ይዳስሳል፣ ምርመራ ያዛል። የምርመራው ውጤት ደህና ነው። ሴትዮዋ ግን ደህና አይደሉም።

በዚያ ክፍል ውስጥ የዋሸ የለም። ሐኪሙ የተነገረውን ሰምቷል፤ ልጁም የሚችለውን አድርጓል። ሆድ ባር ባር ሲለው ግን የታመመው ጨጓራ አይደለም። ብቸኝነት ነው፣ ናፍቆት ነው፣ ስም የሌለው ሥጋት ነው። ሁሉም ሰሙ፤ ያዳመጠ ግን አልነበረም። ይህ ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው?

አማርኛ «ሰማ» በሚለው ቃል ላይ ብዙ ሸክም ጭኗል። ድምፅ ጆሮ ሲገባ ሰማ ይባላል። ቋንቋ ማወቅም መስማት ነው፤ «እንግሊዝኛ አልሰማም» የሚል ሰው ጆሮው ደህና ነው። መታዘዝም መስማት ነው፤ «ይህ ልጅ አይሰማም» ሲባል ማንም ወደ ጆሮ ሐኪም አይወስደውም። ሕመምም ይሰማል፤ «ስሜት» የሚለው ቃል ራሱ የዚሁ ግንድ ቅርንጫፍ ነው። «አቤት» የሚለው ቃል ደግሞ የበለጠ ይገርማል። ስሙ የተጠራ ሰው «አቤት» ይላል፤ የተበደለም ሰው ዳኛ ፊት «አቤት» ይላል። ለመስማት የተዘጋጀውና የሚሰማው ያጣው በአንድ ቃል ይናገራሉ። አቤቱታ ማለት እንግዲህ፣ «እኔ ስጠራ አቤት እንደምል፣ አንተም አቤት በለኝ» ማለት ነው።

የእኚያ እናት አቤቱታ በአሜሪካ የሕግ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ እንዳይፈጽም ይከለክላል። በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ፣ በማይሰሙት ቋንቋ ብቻ ማስተማር ይህን ሕግ እንደሚጥስ ወሰነ። በ2000 የወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ የትርጉም አገልግሎትን ግዴታ አጠናከረ፤ ይህ ትእዛዝ በመጋቢት 2025 ቢሻርም የ1964ቱ ሕግ እንዳለ ነው። በጤናው ዘርፍ ደግሞ በ2016 የወጣው ደንብ፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በስተቀር፣ ሕፃናትን በአስተርጓሚነት መጠቀምን ከልክሏል። ክልከላው በቂ ምክንያት አለው። ልጅ የሕክምና ቃል አያውቅም። ከዚያም በላይ፣ እናት በልጅ ፊት ሁሉን አትናገርም፤ ልጅም ሊሸከመው የማይገባውን ይሰማል።

ይሁንና የማን ድምፅ ጆሮ እንደሚያገኝ የሚወስነው ሕግ ብቻ አይደለም። በመስከረም 1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዴንቨር ውስጥ ልባቸውን ታመው፣ አውሮራ በሚገኘው የፊትዝሲመንስ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ሰባት ሳምንት ያህል ተኙ። ዛሬ በዚያ ቦታ የአንሹትዝ የሕክምና ካምፓስ ይገኛል። ያን ጊዜ የአንድ ሰው የልብ ምት የዓለም ወሬ ሆኖ ነበር፤ ሐኪሞቻቸው ጋዜጠኞችን ሰብስበው ስለ ጤናቸው ይናገሩ ነበር። እሳቸው ገና ከሆስፒታሉ ሳይወጡ፣ አዲስ አበባ ላይ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታወጀ፤ አማርኛም የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የሥራ ቋንቋ መሆኑ በአንቀጽ 125 ተጻፈ።

ይህ ሁለተኛው ነገር በአውሮራ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ትንሽ ሊከብድ ይገባል። አማርኛ የማይሰማ ገበሬ በገዛ አገሩ ችሎት ፊት ቆሞ፣ አቤቱታው በሌላ ሰው አፍ ሲያልፍ ኖሯል። ከአስተርጓሚው ያለፈው ቃል ምን ያህል እንደነበረ ያ ገበሬ ማወቂያ አልነበረውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ ትርጉም የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ዛሬ ከሐኪም ፊት የተቸገሩት እናት ትናንት ቋንቋቸው የዳኛው ቋንቋ ነበር። የመደመጥን ዋጋ ሰው የሚያውቀው ሲያጣው ነው፤ ሲያጣው ያወቀ ሰው ግን፣ በነበረው ጊዜ ማን አጥቶት እንደነበር ሊጠይቅ ይገባዋል።

እንግዲህ ብቁ አስተርጓሚ መጣ እንበል። ነገሩ አለቀ ማለት ነው? አላለቀም። ዴንቨርና አውሮራ ሰፊ ከተሞች ቢሆኑም ሐበሻው በሃቫና ስትሪት ገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ፣ በለቅሶና በሠርግ ይገናኛል። አስተርጓሚዋ እሑድ ከጎናቸው የምትቆም ሴት ልትሆን ትችላለች። ሚስጥር መጠበቅ የሙያዋ ግዴታ ቢሆንም ፍርሃቱ አይጠፋም። ጆሮ ሁሉ ወዳጅ እንዳልሆነ አማርኛ ያውቃል፤ ለሰላይ «ጆሮ ጠቢ» የሚል ስም አውጥቷል። በደርግ ዘመን ያደገ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገርን የተማረው ብዙ ጆሮ ስለነበረ እንጂ ጆሮ ስለጠፋ አልነበረም። ጆሮ ጠቢ በጣም ጎበዝ ሰሚ ነው፤ አንዲት ቃል አታመልጠውም። ስለዚህ ማዳመጥ ትኩረት ብቻ ሊሆን አይችልም። ትኩረቱ ለማን ጥቅም እንደሆነም ይጠየቃል። አንዳንድ ጊዜ በስልክ ከሌላ ግዛት የሚያስተረጉም የማይታወቅ ሰው ከዘመድ ይሻላል፤ የሰማውን ይዞ የሚሄድበት ሰፈር የለውም።

ፈረንሳዊቷ ፈላስፋ ሲሞን ቬይ ለተቸገረ ሰው የሚሰጥ ትልቁ ነገር «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ መጠየቅ መቻል እንደሆነ ታስብ ነበር። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ጠያቂው ግን መልሱን አስቀድሞ እንደማያውቅ ማመን አለበት። ልጁ የወደቀው እዚህ ላይ ነው፦ የማያውቀውን ቃል በሚያውቀው ተካው። «ምን ማለትሽ ነው?» ብሎ ቢመልስላቸው ኖሮ ማዳመጥ በተጀመረ ነበር። ለዚህ ደግሞ የጆሮ ጤንነት እንኳ ግድ አይደለም። መስማት የተሳናቸው ሰዎች በእጅና በዓይን እርስ በርሳቸው ይደማመጣሉ፤ ጆሮው ደህና የሆነ ሰው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ይችላል።

ልጁን መውቀስ ቀላል ነው። ግን እኚያ እናት ያን ቃል ለማያውቁት ሐኪም ለምን ተናገሩት? ልጃቸው ሌሊት ታክሲ ነድቶ ቀን ይተኛል፤ ምራታቸው ሁለት ሥራ ትሠራለች። አዲስ አበባ ያሉት እህታቸው ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ይቀድማሉ፤ አንዷ ስትነቃ ሌላዋ ትተኛለች። ቤቱ ውስጥ አማርኛ አለ፣ ቡና አለ፣ እንጀራ አለ። በየቀኑ «ደህና አደርሽ?» ይባላል፤ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ከዚያ ያለፈ የሚጠይቅ የለም። «ምን ይሰማዎታል?» ብሎ መልስ የጠበቀ የመጀመሪያው ሰው ሐኪሙ ነበር። ስለዚህ የጠየቃቸውን ሰው አመኑ።

ሕግ አስተርጓሚ ሊያስቀርብ ይችላል፤ ማስቀረብም አለበት፤ ያለ እሱ የሚደመጥ ነገር አይኖርምና። አድማጭ ግን በሕግ አይታዘዝም። አስተርጓሚ በማያስፈልግበት ቤት ሳይደመጡ የኖሩ እናት የሚደርሳቸው በደል የክሊኒኩ ብቻ አይደለም። ክሊኒኩ ቋንቋ የለኝም ሊል ይችላል፤ ቤተሰቡ ምን ይላል?

ማረሚያው ምናልባት ከዚያው ልጅ ሊጀምር ይችላል። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ በመኪናው ውስጥ፣ የስልኩን ማዳመጫ ከጆሮው አውጥቶ፣ «እማማ፣ ባር ባር ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ለመመለስ ረጅም ጊዜ ይፈጅባቸዋል። እሱም እስኪጨርሱ መጠበቅ ይኖርበታል።