ምሰሶው ስንት ክንድ ነበር?

ጥቁር አውሬ የእርሻ በር ምሰሶ ላይ ቁጢጥ ብሏል። ፎቶውን ላየ ሰው ነብር ያህላል። ከግብርና ሚኒስቴር የመጣው ሰው ግን ፎቶውን ይዞ እዚያው በር ድረስ ሄደ፤ መለኪያ ዘንግ ምሰሶው አጠገብ አቁሞም እንደገና ፎቶ አነሳ። ምሰሶው እንደታሰበው ትልቅ አልነበረም። አውሬው በአንድ ጊዜ ሟሸሸና የቤት ድመት ሆኖ ቁጭ አለ።

ነገሩ የሆነው በ1995 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ኮርንዎል ውስጥ፣ ቦድሚን ሙር በሚባል ድንጋያማና ነፋሻ የግጦሽ ምድር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ «ትልቅ ጥቁር ድመት አየን» የሚል ሰው በዚያ አካባቢ በዝቶ ነበር። በግ ተበልቶ ያደረ እንደሆነ ጥፋቱ የዚሁ አውሬ ነው። ጋዜጦችም «የቦድሚን አውሬ» ብለው ስም አወጡለት። ስም ከወጣለት በኋላማ ማን ያቆመዋል? በጭጋግ ውስጥ ያለፈ ጥቁር ነገር ሁሉ እሱ ሆነ።

ለወሬው መነሻ አልጠፋም። በ1976 የእንግሊዝ መንግሥት አደገኛ የዱር እንስሳ በቤቱ የሚያኖር ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድድ ሕግ ደነገገ። ነብርና ፑማ ያሳድጉ የነበሩ ሰዎች ፈቃዱን ሸሽተው እንስሶቻቸውን ሜዳ ላይ ለቀዋል ተባለ። ይህን ተረት ነው ብሎ መዝጋት አይቻልም፤ በ1980 ስኮትላንድ ውስጥ አንድ ገበሬ ባጠመደው ወጥመድ የገባች ፑማ ተይዛለች። ሰው የለመደች ነበረች። ችግሩ ፑማ ቡናማ መሆኗ ነው። ጥቁር ፑማ እስካሁን በሳይንስ አልተመዘገበም። ከትልልቆቹ የድመት ዘመዶች ጠቁሮ የሚወለደው ነብርና ጃጓር ነው።

ገበሬዎቹም እንደራሴዎቹም ሲጮኹ መንግሥት ሳይመን ቤከርና ቻርልስ ዊልሰን የተባሉ ሁለት ባለሙያዎችን ላከ። እኔ የወደድኩላቸው «ዓይናችሁ ነው» ብለው ሰውን ከማሳፈር ይልቅ ፎቶው ወደ ተነሳበት ቦታ ዘንግ ይዘው መሄዳቸውን ነው። ትልቅ አውሬ የድንጋይ ካብ ሲዘል ያሳያል የተባለ ቪዲዮ ነበር፤ ካቡ ቦታው ድረስ ተሄዶ ሲታይ ከጉልበት አያልፍም። በጭቃ ላይ የተገኘው ዱካ የድመትና የውሻ ሆነ። ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ሊያየው የሚችል ሌላ ምልክትም አለ፦ የቤት ድመት ዓይን ብሌን በብርሃን እንደ ስንጥቅ ቀጥ ብሎ ይጠባል፣ የነብር ግን ክብ እንደሆነ ይቀራል።

ሪፖርቱ ሐምሌ ላይ ወጣ። በቦድሚን ሙር ትልቅ አውሬ ለመኖሩ የተረጋገጠ ማስረጃ አልተገኘም አለ፤ ፈጽሞ የለም ብሎ ማረጋገጥም እንደማይቻል ጨመረበት። ሁለተኛዋን ዐረፍተ ነገር ብዙ ሰው ዘለላት።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ የ14 ዓመት ልጅ እዚያው አካባቢ ካለው ፎዊ ወንዝ የራስ ቅል ይዞ ወጣ። ረጃጅም ክራንቻዎች አሉት። መንግሥት ተዋረደ፣ አውሬው ተገኘ ተባለ። ቅሉ ለንደን ወደሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተላከ፤ የሙዚየሙ ሰዎችም መረመሩትና የነብር ነው አሉ። እውነተኛ፣ ወጣት፣ ወንድ ነብር!

ግን ምርመራቸውን እዚያ ላይ አላቆሙም። የቅሉ የኋላ ክፍል በስለት ተቆርጦ ወጥቷል። አጥንቱ ላይ የቢላ ጭረት አለ። ውስጡ ደግሞ እንግሊዝ አገር የማይኖር፣ የሞቃት አገር በረሮ የእንቁላል ከረጢት ተጣብቋል። በረሮዋ እንቁላሏን የጣለችው ነብሩ ከሞተ በኋላ፣ እዚያው ሞቃት አገር ነው። ጀርባው እንዲህ የሚቆረጠውም ከነራሱ ወለል ላይ የሚነጠፍ ቆዳ ሲዘጋጅ ነው። ነብሩ እንግሊዝ የገባው ምንጣፍ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ጉዳዩን የፈታችው በረሮ መሆኗ እስካሁን ያስቀኛል።

ለእኛ ጥቁር ነብር እንግዳ አይደለም፤ ግስላ የሚል የራሱ ስም አለው፣ ለምዱንም ጀግናና መኳንንት ለብሰውታል። ግስላ ሌላ ዘር ሳይሆን ራሱ ነብር ነው፤ የሚጠቁረው ጥቁረቱን ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ነጠብጣቡ ከጥቁሩ ሥር ይታያል። ከዓለም ነብሮች 11 በመቶ ያህሉ ጥቁር እንደሆኑ ይገመታል፤ አብዛኞቹም በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደኖች ነው የሚኖሩት።

ቦድሚን ላይ ያልተለካ ነገር «አለ» ተባለ። በእኛ በኩል የሆነው ግልባጩ ነው። በ2018 ተመራማሪዎች በኬንያ ላይኪፒያ በተተከሉ ካሜራዎች ግስላ ቀረጹ። ከዚያ በፊት በአፍሪካ የተረጋገጠው መረጃ በ1909 ከአዲስ አበባ የተመዘገበው ነው አሉ። በ2019 ወሬው ዓለምን ሲያዳርስ «ጥቁር ነብር በአፍሪካ ከ100 ዓመት በኋላ ታየ» ሆኖ ወጣ። ኬንያውያን ሳቁ። ኔሽን የተባለው የአገራቸው ጋዜጣ ፎቶ አንሺ በ2013 እዚያው ላይኪፒያ ግስላ አንስታ ነበር። መዝገብ ላይ ያልሰፈረውን «አልታየም» ማለትም ምሰሶውን ሳይለኩ ነብር ነው ከማለት አይሻልም።

በባሌ ሐረና ደን ግስላ አየን የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። እናንተም ወደዚያ ሄዳችሁ ካጋጠማችሁና ፎቶ ካነሳችሁ ቶሎ አትሂዱ። እንስሳው ርቆ መሄዱን አረጋግጡ፤ ከዚያ አንዳችሁ እሱ የነበረበት ቦታ ላይ ዱላ ይዛችሁ ቁሙ፣ ሌላችሁ ከቆማችሁበት ሳትነቃነቁ ሁለተኛ ፎቶ አንሱ። ስትመለሱም ሁለቱን ፎቶዎች አብራችሁ አሳዩን።