ከአየር የተሠራ ግንድ

ዛፍ ከምን ተሠራ ቢባል አብዛኛው ሰው «ከአፈር» ይላል። ፒያሳ ካለው አራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ከቅጥሩ ጥዶች አንዱ ሥር የቆመ ሰው ግን አንድ ነገር ልብ ይበል። ያ ሁሉ ግንድና ቅርንጫፍ ከመሬት የወጣ ቢሆን ኖሮ በዛፉ ዙሪያ ትልቅ ጉድጓድ በታየ ነበር። ጉድጓድ የለም፤ እንዲያውም መሬቱ በረገፈው ቅጠል ከፍ ብሎ ይገኛል። የደረቀ እንጨት ግማሽ ያህል ክብደቱ ካርቦን ነው፤ ካርቦኑም የመጣው ከአየር ነው። የአፈሩን ድርሻ ማወቅ የሚፈልግ ሰው እንጨት ከነደደ በኋላ የቀረውን አመድ ይመልከት። ከአንድ ሸክም የሚተርፈው አንድ ሁለት እፍኝ ነው። የቀረው ሁሉ ወደመጣበት ሰማይ ተመልሷል።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ፈጣሪን ከማመስገን በቀር ቃል ያጥረኛል። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን እጅግ ጥቂት ነውና። ዛሬ ከአሥር ሺህ የአየር ቅንጣቶች መካከል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆኑት አራት ያህል ብቻ ናቸው። ፒያሳ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ራሱ የሳሳ ነው። ጥዱ ዓይን በማያያቸው የቅጠሉ ቀዳዳዎች እነዚያን አራቱን ለቅሞ ያስገባል። ቀዳዳውን ሲከፍት ውኃው ይወጣበታል፤ ለአንዲት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅንጣት በመቶዎች የሚቆጠሩ የውኃ ቅንጣቶች ይከፍላል። ስለዚህ በበጋ ቀትር ይቆጥባል፣ ክረምት ሲገባ እጁን ይፈታል። ይህን ሒሳብ ማን አስተማረው? ከዚያ ፀሐይዋ ካርቦኑን ከውኃው ጋር አዋሕዳ ስኳር ታደርገዋለች፤ በትምህርት ቤት ብርሃን አስተጻምሮ እያልን ያጠናነው ነው። ስኳሩ በጥዱ እንጨት፣ በጤፉ እሸት፣ በቡናው ፍሬ ይሆናል።

የብዙዎቹ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ደረጃቸውም በረንዳቸውም ወለላቸውም እንጨት ነበር። በምኒልክ ዘመን የተሠራው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ሲነሣበት፣ ቅጠል በቅጠል የተሰበሰበ ካርቦን ጭስ ሆኖ ወጣ። ለቅርሱ ያዘንን ሰዎች በዚያ እሳት ሌላም ነገር አይተናል፤ መሰብሰቡ የዘመናት፣ መበተኑ የሰዓታት መሆኑን።

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ግን ካርቦን የመጣበትን መንገድ አለመርሳቱ ነው። ካርቦን ሁሉ ክብደቱ እኩል አይደለም። ከመቶው አንዱ ያህል ከሌላው ጥቂት ይከብዳል፤ ሳይንቲስቶች ካርቦን 13 ይሉታል። ጥድ፣ ስንዴና ቡና ቀሊሉን ይመርጣሉ፤ ከባዱን በጥቂቱ ይገፋሉ። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና አብዛኛው የሞቃት አገር ሣር ግን አየሩን የሚስቡበት ጥበብ ሌላ ስለሆነ ከባዱን ያን ያህል አይገፉትም። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት ከሺህ አሥራ አራት ገደማ ነው። የፒያሳ ወርቅ ሠሪ በትንሿ ሚዛኑ የወርቅ ብናኝ እንደሚመዝን ሁሉ፣ የቤተ ሙከራው መሣሪያ ይህችን ልዩነት ለይቶ ይመዝናል። ስለዚህ ጠዋት በካፌ የተበላው ዳቦና ማታ በቤት የተቆረሰው እንጀራ፣ ሁለቱም ከአንድ ሰማይ ቢመጡም፣ ምልክታቸው የተለያየ ነው። ዕድሜውን በእንጀራ የኖረ ሰው ጸጉሩ ቢመረመር የጤፉ ምልክት ይገኝበታል። በምንበላው ላይ ስናማትብ ስንቶቻችን ይህን እናስባለን?

አፈርም እንዲሁ ያስታውሳል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚል ትውፊት አለ። ዘውዱ እሸቱ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ፒተር ሆግበርግ ከተባሉ ባልደረባቸው ጋር ሆነው የዚህን ደን አፈር ከላይ ወደ ታች ንብብር በንብብር መረመሩት፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2000 አሳተሙ። የላይኛው አፈር የዛፍ ምልክት ይዞ ተገኘ፤ ዛሬ ደን ስለሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው። ጥድ በሚበዛበት ክፍል ወደ ታች ሲወረድ ግን የሣር ምልክት ብቅ አለ። ዛሬ ጥድ የቆመበት መሬት አንድ ዘመን ሣር ይበዛበት ነበር ማለት ነው፤ ይህም ከትውፊቱ ጋር ይስማማል። ሣሩ ከበሰበሰ ስንት ትውልድ አልፏል። በቅጠሉ የገባችው የአየር ቅንጣት ግን በሥሩ ወርዳ፣ አፈሩ ውስጥ ተቀምጣ፣ የሚጠይቃት ሰው እስኪመጣ ቆየች። እንዲህ ያለ ዜና መዋዕል በየተራራው ሥር ተቀብሮ ሳለ ገና ጥቂት ገጹን ነው ያነበብነው።

ከአንድ ተራራ አፈር አልፈው የመላዋን ምድር የካርቦን ዑደት በኮምፒውተር የሚያሰሉ ሊቃውንት ደግሞ ምድርን በካሬ ይከፋፍሏታል። በብዙዎቹ ሞዴሎች የአንዱ ካሬ ጎን መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አራዳ ጊዮርጊስ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ፣ የመናገሻ ጥድና የአድአ ጤፍ ማሳ በአንድ ካሬ ሊጠቃለሉ ይችላሉ። ለእያንዳንዱ ካሬ ቅጠሉ ስንት እንደሳበ፣ አፈሩ ስንት እንደተነፈሰ ይሰላል። ከዚህ ሥራና ከልኬቱ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ፤ የሰው ልጅ ነዳጅና የድንጋይ ከሰል እያነደደ፣ ደን እየመነጠረ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ ሠላሳ ያህሉን ዕፅዋትና አፈር ይቀበሉታል፤ ሩብ ያህሉን ውቅያኖስ ይወስደዋል። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ማንም አልከፈላቸውም። የተረፈው አየር ውስጥ ይከማቻል። በሃዋይ ማውና ሎአ ተራራ ላይ መለካት በተጀመረበት እ.ኤ.አ. 1958 ከሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች 315 ገደማ የነበረው ዛሬ ከ420 አልፏል።

መሬት ይህን ውለታዋን እስከ መቼ እንደምትቀጥል ሞዴሎቹ አይስማሙም። ከሚያስቸግራቸው አንዱ እኛ ደጃፍ ላይ ያለ ነገር ነው። ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ በጓሮዎቻችን ላይ ጠብ ሲል የሚያውደን የአፈር ሽታ በአፈሩ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሠሩት ነው። በዚያው ሰዓት በድርቁ አንቀላፍተው የነበሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ነቅተው መብላት ይጀምራሉ፤ አፈሩም በአንድ ጊዜ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኬንያ ሙጉጋ የመረመረው በርች የተባለ ሳይንቲስት ስለሆነ ክስተቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ትንፋሹን በቦታው የሚለኩ መሣሪያዎች ግን በአፍሪካ እጅግ ጥቂት ናቸው። የእኛ ካሬ በአብዛኛው የሚሞላው ከሌላ አገር በተለካ ቁጥር ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ለሁለት ወገን ነው። የደብር አለቆችና የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር እንዳሳዩት የአገራችን ነባር ዛፎች በብዙ ቦታ የተረፉት በእናንተ ቅጥር ውስጥ ነው። ሕንጻ ስታስቡ ጥዱንና ወይራውን አትንኩ፤ ከሥራቸው ያለውንም አፈር በሲሚንቶ አትድፈኑት፤ እርሱም ይተነፍሳል። አራት ኪሎ ሳይንስ የምትማሩ ልጆች ደግሞ፣ በአካፋና በከረጢት የሚጀመር ሥራ ይጠብቃችኋል። ዕፅዋቱን ቀደምቶቻችሁ ለቅመው በዚያው በግቢያችሁ በብሔራዊው ሄርባርየም አኑረውላችኋል፤ አፈሩን እናንተ ቆፍሩ። መናገሻ ጠዋት ሄደው ማታ የሚመለሱበት ቅርብ አገር ነው።