ለሁሉ የምትሆን አንዲት መኪና

በአንድ ቁምስና ምክር ቤትም ሆነ በአንድ ቤተሰብ መካከል «መኪና እንግዛ» የሚል አሳብ በተነሣ ቁጥር፣ ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ «ለመሆኑ የትኛዋ ትሻላለች?» የሚል ነው። አንዱ ነዳጅ የማትፈጅ፣ ሌላው ጭቃ የማይበግራት፣ ሦስተኛው ብዙ ሰው የምትይዝ፣ አራተኛው እህልና ሲሚንቶ የምትጭን ትሁን ይላል። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንዲት ብቻ ስለሆነ፣ ጉባኤው በመጨረሻ «እንግዲያስ ሁሉን የምትችለው ትፈለግ» ብሎ ይስማማል። ስምምነቱ ሰላማዊ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ ውሳኔ ውስጥ ሳይፈታ የታለፈ አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ አለ።

ጥያቄው ከመኪና እጅግ ይቀድማል። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ የዴልፊን ቢላዋ በምሳሌነት ያነሣል። ይህ ቢላዋ አንጥረኞች ለልዩ ልዩ ሥራ እንዲያገለግል አድርገው በቁጠባ የሚሠሩት ነበር። ፈላስፋው ተፈጥሮ እንዲህ በስስት አትሠራም፣ መሣሪያም በሚገባ የሚሠራው ለአንድ ተግባር ሲውል ነው ባይ ነው። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም ስለ ሰው አካል አፈጣጠር ሲያስተምር፣ ጠቢብ ሠራተኛ መጋዝን ከብረት እንጂ ከብርጭቆ አይሠራም፤ ብርጭቆ ይበልጥ ውብ ቢሆንም ለመቁረጥ አይሆንምና ይላል። እንግዲህ «ጥሩ» የሚለው ቃል ብቻውን አይቆምም፤ «ለምን ተግባር?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። ይኸው ቅዱስ ግን በሌላ ስፍራ፣ ለሰው በቀንድና በጥፍር ፈንታ አእምሮና እጅ እንደ ተሰጡት ይገልጻል። እጅ ለአንድ ሥራ ብቻ ያልተወሰነች በመሆኗ መሣሪያን ሁሉ ለማዘጋጀት ትችላለች። ስለዚህ ለብዙ ነገር መሆን በራሱ ጉድለት አይደለም። ነገር ግን እጅን የሚመራት አእምሮ ነው፤ ያለ እርሱ የትኛውን ሥራ ማስቀደም እንደሚገባት አታውቅም።

አባቶቻችን ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁት ነበር። የቀድሞ መኳንንት ረጅም መንገድ ሲሄዱ የሚቀመጡት በሰጋር በቅሎ ላይ ነበር። የጦር ፈረሳቸው ሳይደክም ጎን ለጎን ይሳባል፤ ስንቅና ድንኳኑን ደግሞ አጋሰስ ይሸከማል። ለሦስት ተግባር ሦስት እንስሳ ማለት ነው። ፈረስ በሚከበርበት በአዊ ምድር የሚኖር ድኻ ገበሬ ግን እንዲህ ያለ ምርጫ የለውም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሲያከብር፣ ተሸልሞ ከሚወጣው ፈረስ መካከል በሌላው ቀን ጋሪ ወይም ሞፈር የሚጎትት አይጠፋም። «ለሁሉ የሚሆን አንድ» የሚለው ፍለጋ እንግዲህ በመሠረቱ የድኻ ፍለጋ ነው። ባለጸጋ ሦስቱንም ይገዛል፤ ማንን አስቀድሜ ማንን ላስቀር የሚለውም ጭንቀት አይደርስበትም።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት በእንጅባራና በዳንግላ መካከል አዲስ ቅዳምን ያገኛታል። ከተማዋ ስሟ እንደሚናገረው የቅዳሜ ገበያ ከተማ ናት። በገበያ ቀን አይሱዙው ከሰል፣ ሚኒባሱ መንገደኛ፣ ባጃጁ የቅርብ ሰው፣ ጋሪው ጆንያ ይጭናል። ሁሉም በየሙያው ነው። ከአስፋልቱ ወጥተን በሐምሌ ዝናብ ወደ ገጠር ቀበሌ ስንገባ ግን ሚኒባሱ ይቆማል፤ ባጃጁም ይሰምጣል። በዚያ ጊዜ «ሁሉን ትችላለች» የሚል ስም ያተረፈችው ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ትታወሳለች። በእርግጥም ስሟ ያለ ምክንያት አልወጣም። ወፍራም ቻሲስ፣ ከኋላ ባሌስትራ፣ በአራቱም ጎማ የመጎተት ኃይል አላት። በብዙዎቹ ላይ የተገጠመው 6 ሲሊንደርና 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ኃይሉ መጠነኛ ቢሆንም በጽናቱ የተመሰገነ ነው። በጎንና በጎን ያለው አግዳሚ ወንበር ሲታጠፍ እህል ይጫንባታል፤ ሲዘረጋ ሰው ይሳፈርባታል። በአገራችን ብዙ ወረዳዎች አምቡላንስ ሆና የምታገለግለውም እርሷ ናት።

ነገር ግን አንዱንም ሥራ ከሌሎቹ ሁሉ አብልጣ አትሠራም። እህል ለመጫን አይሱዙ ይበልጣታል፤ ሰው ለማሳፈር ሚኒባስ ይሻላል፤ በነዳጅ በኩል ትንሿ አውቶሞቢል ታስንቃታለች። ምጥ የያዛት እናት ባሌስትራው ሲያንገጫግጫት «ምቹ ናት» ብላ አትመሰክርም። እርሷን የሚያስመርጣት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በማይደርሱበት ትደርሳለች። ስለዚህ የምንመርጣት በብዙዎቹ ቀላል ጉዞዎቻችን ሳይሆን በጥቂቶቹ ከባድ ጉዞዎች ሚዛን መሆን አለበት። በዓመት ሦስት መቶ ጊዜ በአስፋልት የሚሄድ፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ ሕመምተኛ ከጭቃ የሚያወጣ ቁምስና፣ በየትኛው ቁጥር ይምረጥ? የሒሳብ ሰው ሦስት መቶው ይበልጣል ይላል። ወንጌልን የሚያስተምር ካቴኪስት ግን ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን ስለ ፈለገው እረኛ ሳያስተምር አልቀረም።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ለዘርአ ክህነት ተማሪዎችና ለተመካሪ ገዳማውያን ሲናገሩ፣ ካህን ወይም ደናግል አዲስ ዓይነት መኪና ይዘው ማየት እንደሚያሳዝናቸው፣ መኪና ለሥራ የሚያስፈልግ ቢሆንም ትሑት የሆነውን እንዲመርጡ መክረው ነበር። በእኛ አገር ግን ጭቃውን የምትሻገረው መኪና የክብር ምልክትም ሆና ተገኝታለች። ድኻው ዘንድ የምታደርሰው እርሷ፣ ከድኻው የምታርቀውም እርሷ! ትንሿን አውቶሞቢል ብንገዛ ትሕትናችን ይታያል፤ ሕመምተኛው ግን በቃሬዛ ይቀራል። ቅዱስ ያዕቆብ (ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ) ያለ መኪና ሐዋርያ ሆኖ የለምን፣ እ.ኤ.አ. በ1860 ያረፈውስ በመንገድ ላይ አልነበረምን የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሆኖም እርሱ የሰጠው የራሱን ሕይወት ነው፤ የሌላውን ሕይወት ስለ እኛ ትሕትና መስጠት አይገባንም። አባ ኦቶ ፉርማን እ.ኤ.አ. በ1925 በዛሬዋ ናሚቢያ ታሞ ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰው በማጣት ስለ ሞተ፣ ወዳጁ አባ ፓውል ሹልተ በ1927 ለልኡካነ ወንጌል መጓጓዣ የሚያቀርበውን ሚቫ የተባለ ማኅበር መሥርቷል።

በመሆኑም ትሕትናው ያለው በመኪናዋ ዓይነት ላይ ሳይሆን ጋቢና በሚቀመጠው ሰው ላይ ነው እላለሁ። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ አካል ብልቶች ሲጽፍ (1ኛ ቆሮ. 12) ደካማ የሚመስሉት ብልቶች ይልቁን እንደሚያስፈልጉና ክብር እንደሚገባቸው አስተምሯል። መኪናዋ ለሁሉ ናት በተባለ ጊዜ ሁሉም ይጠሯታል፤ ሠርግ ይጠራታል፣ ለቅሶ ይጠራታል፣ ስብሰባ ይጠራታል፣ የታመመም ይጠራታል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣምና፣ በአንድ ሰዓት ሁለት ጥሪ ሲመጣ አንዱ መቅረቱ ነው። ቅድሚያው ቀደም ብሎ ካልተወሰነ የሚቀረው ድምፁ የማይሰማው ነው።

ሌላም ሥጋት አለ። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ግራር ለከሰል፣ ለገቢና የደከመ መሬት እንዲያገግም ብሎ በስፋት ተከለ። አንድ ዛፍ ለሁሉ ሆነ። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ ዛፉን ሲያጠቃው ግን የተጎዳው ከሰሉ ብቻ አልነበረም፤ በእርሱ ላይ የተመሠረተው ኑሮ በሙሉ ነው። አንዲቷ መኪና ጋራዥ ስትገባም እንዲሁ ነው። መኪናዋን የሚገዛ ቁምስና የቃሬዛ ማኅበሩን ማፍረስ፣ የካቴኪስቱን በቅሎ ወይም ሞተር ብስክሌት መሸጥ አይገባውም።

ለምክር ቤቶቻችን አንድ ቀላል ነገር ላሳስብ። አሽከርካሪው የጉዞ መዝገብ ይያዝ፤ ቀኑን፣ መንገዱንና የተጫነውን ሰው ወይም ዕቃ ይጻፍበት፤ በመኪና እጥረት የቀረውም ጥሪ አብሮ ይመዝገብ። በዓመቱ መጨረሻ ጉባኤው ሒሳብ ሲመረምር ከነዳጁ ደረሰኝ ጋር ይህም መዝገብ በምእመናን ፊት ይነበብ።